ቀመሩን እያወቀች ከ20 6 ያመጣች ተማሪ፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

ለምን ጻፍኩት

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አንዳንድ ልጆችን ቤታቸው ሄጄ አስጠናለሁ። ከእነሱ አንዷ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ በቃሏ ታውቀዋለች። ከእንቅልፏ ብትቀሰቅሷት እንኳ «ኤፍ ኢኩዋል ቱ ኤም ኤ» ትላለች። ፈተናው ላይ ግን ከ20 6 አመጣች።

ነገሩ ተራ ይመስላል። እኔም ተራ መስሎኝ ነበር። ግን 6 ሳምንት ፈጀብን፤ ከዚያ ውስጥ 2ቱ በእኔ ጥፋት የባከኑ ናቸው። ሌላ ሰው እነዚያን 2 ሳምንታት እንዳያባክን ብዬ ነው የጻፍኩት። የልጅቷን፣ የቤተሰቧንና የትምህርት ቤቷን ስም አላነሳም።

ዳራው

አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። እናቷ ሰፈር ውስጥ ሱቅ አላቸው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ መምህሩ ግን እንደ አብዛኞቻችን ግማሹን በአማርኛ ያብራራል። ልጅቷ ሂሳብ ላይ ደህና ናት። ማባዛትና ማካፈል አያስቸግራትም።

እናቷ ደውለው የነገሩኝ ይህን ነበር፦ «መምህር፣ ልጅቷ ታውቀዋለች። ጥንቃቄ ነው የጎደላት። ትንሽ ጥያቄ ቢያሠሯት ይስተካከላል።» ልጅቷም የምታምነው ይህንኑ ነው። «ኬርለስ ሆኜ ነው ቲቸር» አለችኝ።

ኬርለስ ለሁሉም የሚመች ቃል ነው። ለተማሪውም፣ ለወላጁም፣ ለመምህሩም። ማንም አይጠየቅበትም።

ሕጉን ለረሳ አንባቢ ባጭሩ፦ አንድ ነገር ላይ ያረፈው ጠቅላላ ኃይል ከነገሩ መጠነ ቁስ እና ከፍጥንጥነቱ ብዜት ጋር እኩል ነው። መጠነ ቁስ በኪሎ ግራም ይለካል። ፍጥንጥነት፣ ማለትም ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን፣ በሜትር በሰከንድ ካሬ። የብዜታቸው መለኪያ ኒውተን ይባላል። 4 ኪሎ ግራም የሆነ ነገር በ3 ሜትር በሰከንድ ካሬ ከተፋጠነ የሚገፋው ኃይል 12 ኒውተን ነው። አለቀ። ከዚህ የቀለለ ቀመር ፊዚክስ ውስጥ ብዙ የለም። ችግሩም እዚሁ ላይ ይጀምራል።

ወረቀቱ ላይ ያየሁት

ፈተናው 5 ጥያቄ ነበረው፣ እያንዳንዱ 4 ነጥብ። ወረቀቱን አምጪልኝ ብዬ ረጋ ብዬ አየሁት።

የመጀመሪያው ከላይ የጻፍኩት ዓይነት ነው። 4 ኪሎ፣ 3 ሜትር በሰከንድ ካሬ። 12 ኒውተን አለች። ትክክል።

ሁለተኛው 250 ግራም የሆነ ኳስ በ8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲፋጠን ስንት ኃይል አረፈበት የሚል ነው። 250ን በ8 አባዝታ 2000 ኒውተን ጻፈች። መልሱ 2 ኒውተን ነው።

ሦስተኛው፦ 1200 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና ከቆመበት ተነስቶ በ10 ሰከንድ ውስጥ 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ደረሰ። ጠቅላላ ኃይሉ ስንት ነው? 1200 ሲባዛ በ72፣ 86,400 ኒውተን። ትክክለኛው 2400 ነው።

አራተኛው 20 ኪሎ ግራም የሆነ ሳጥን ነው። በ100 ኒውተን ይጎተታል፣ ሰበቃ፣ ማለትም ከወለሉ ጋር መፋተጉ፣ በ40 ኒውተን ይይዘዋል። ፍጥንጥነቱ ሲጠየቅ 100ን ለ20 አካፍላ 5 አለች። 40ውን ጭራሽ አልነካችውም። መልሱ 3 ነው።

አምስተኛው ሊፍት ነው። 50 ኪሎ የሆነ ሰው ወደ ላይ በ2 ሜትር በሰከንድ ካሬ በሚፋጠን ሊፍት ውስጥ ቆሟል። ወለሉ በስንት ኃይል ይገፋዋል? 100 ኒውተን ብላለች። የስበት ፍጥንጥነትን፣ ማለትም የሚወድቅ ነገር የሚፋጠንበትን መጠን፣ 10 ብለን ከወሰድን መልሱ 600 ነው።

አራቱን ስህተቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንዱም ከሌላው አይመሳሰልም። አንዱ የዩኒት፣ ማለትም የመለኪያ አሃድ፣ ነው። አንዱ ፍጥነትን ከፍጥንጥነት ማምታታት ነው። አንዱ ሰበቃን መርሳት፣ አንዱ የስበትን ኃይል መርሳት። ግን አንድ የሚያገናኛቸው ነገር አለ። ሁሉም ላይ ልጅቷ ያደረገችው አንድ ነው፦ ጥያቄው ውስጥ ሁለት ቁጥር ፈልጋ አገኘች፣ ቀመሩ ውስጥ ከተተቻቸው። ማባዛቱ አንድ ቦታ እንኳ አልተሳሳተም። ኬርለስ የሆነ ተማሪ እንዲህ አይሳሳትም።

ይህን ያየሁት ግን ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ የእናቷን ምክር ሰማሁ።

የባከኑት 2 ሳምንታት

ሀያ አምስት ጥያቄ አዘጋጅቼ ሰጠኋት። በዓይነት በዓይነት ለይቼ። አንደኛው ገጽ ግራም ወደ ኪሎ ግራም የሚቀየርባቸው፣ ሁለተኛው ገጽ ኪሎ ሜትር በሰዓት ያለባቸው፣ ሦስተኛው ሰበቃ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉንም ሠርታ ጠበቀችኝ። 22ቱ ትክክል ነበሩ። እናቷ ቡና አፈሉልኝ። እኔም ደስ አለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት 8 ጥያቄ አደባልቄ ሰጠኋት። 3 አገኘች።

የሆነው ግልጽ ነው። የለየኋቸው እኔ ነኝ። «ይሄ ገጽ ላይ ለ1000 ማካፈል ነው» ብላ ተማረች እንጂ ለምን እንደሚካፈል አልተማረችም። ማሰቡን እኔ ሠርቼ ማባዛቱን ለእሷ ትቼላት ነበር። ማባዛት ደግሞ ድሮም ትችላለች።

በዚሁ መሃል የማርሱን መንኮራኩር ታሪክ አወራኋት። ናሳ ወደ ማርስ የላከው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 ፕላኔቷ ጋ ሲደርስ ከታሰበው በላይ ዝቅ ብሎ ገብቶ ጠፋ። ምክንያቱ የዩኒት ነገር ነው። አንዱ ቡድን የግፊቱን ቁጥር በፓውንድ አስልቶ አወጣ፣ ሌላው በኒውተን የተሰላ ነው ብሎ ተቀበለ። ልዩነቱ 4.45 እጥፍ ገደማ ነው። በጣም ወደደችው። «በናትህ ቲቸር፣ እውነት ነው?» አለች። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ላይ 400 ግራምን እንደ 400 ኪሎ ግራም አስገባች። ታሪክ ያዝናናል። እጅን ግን አያስተካክልም።

አማርኛው ያመጣብን ጣጣ

ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ችግሩ እንግሊዝኛው ይሆናል፣ ሁሉንም ነገር በአማርኛ ላድርገው አልኩ። ፎርስን ኃይል፣ ማስን መጠነ ቁስ፣ አክስለሬሽንን ፍጥንጥነት።

ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት «ቲቸር፣ የመብራት ኃይል ኃይልም በኒውተን ነው የሚለካው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅኩ። ግን ጥያቄዋ ትክክል ነው። አማርኛችን ፎርስንም፣ ፓወርንም፣ አንዳንዴ ኢነርጂንም ኃይል ነው የሚለው። የመብራቱ በዋት ነው፣ የእኛው በኒውተን። ቃሉ ግን አንድ ነው።

ፍጥንጥነት ደግሞ ለጆሮ አስቸጋሪ ነው። ፍጥነትና ፍጥንጥነት የሚለያዩት በሁለት ፊደል ነው። ቶሎ ስትናገሩት አንድ ይሆናሉ። መኪናው 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ሲደርስ «ያው ፍጥነቱ አይደል?» ብላ አስገብታዋለች፣ ለእሷ ልዩነት የለውም።

ትልቁ ጣጣ ግን ኪሎ ነው። «ክብደትሽ ስንት ነው?» ብትሏት 48 ኪሎ ትላለች። ማንኛችንም እንደዚያ ነው የምንለው። ፊዚክስ ውስጥ ግን 48 ኪሎ መጠነ ቁስ ነው፤ ክብደት ምድር ወደ ታች የምትስብበት ኃይል ስለሆነ በኒውተን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የስበት ፍጥንጥነቱ 9.77 ገደማ ነው። ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነና ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ መጽሐፉ ላይ ካለው 9.8 ትንሽ ያንሳል። እዚህ የልጅቷ ክብደት 469 ኒውተን አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። አምስተኛው ጥያቄ ላይ ክብደቱን የረሳችው ለዚህ ነው። እሷ ዘንድ ክብደቱ ተነግሯታል፣ 50 ኪሎ ተብሏል እኮ።

ስለዚህ መሃል ላይ ቆምን። ማብራሪያው በአማርኛ፣ ሦስቱ ቃላት ግን ፈተናው ላይ እንደምታያቸው ፎርስ፣ ማስ፣ አክስለሬሽን። ለቋንቋችን የሚቆረቆር ሰው ቅር ይለው ይሆናል። እኔንም ትንሽ ቅር ብሎኛል። ልጅቷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስን እና ክብደትን አላምታታችም፣ ምክንያቱም ማስ የሚለው ቃል ሱቅ ውስጥ የለም።

አንድ ኒውተን ስንት ነው?

ነገሩ የተፈታው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ። የኳሱን ጥያቄ እንደገና ሰጠኋትና 2000 ኒውተን ስትለኝ ስህተት ነው አላልኳትም። «2000 ኒውተን ብዙ ነው ትንሽ?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «እንጃ» አለች።

አንድ ዓመት ሙሉ በኒውተን ስትጽፍ አንድ ኒውተን ምን ያህል እንደሆነ አታውቅም ነበር። ማንም አልነገራት። እኔም ብሆን ለ3 ሳምንት አልነገርኳትም።

እናቷ ሱቅ ሄድን። ሁለት የፈረንጅ እንቁላል እጇ ላይ አደረግኩ። ይሄ 1 ኒውተን ገደማ ነው። የሐበሻ እንቁላል ከሆነ ሁለት ተኩል በይው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ 5 ኒውተን ነው። 1 ሊትር ዘይት ወደ 9። ጥግ ላይ የቆመውን የጤፍ ኩንታል አሳየኋት፦ 1000 ኒውተን ገደማ።

ኩንታሉን ለማንሳት ሞከረች። ከመሬት አልተነሳም። ከዚያ ዞር ብላ «እንዴ፣ ኳሷን በሁለት ኩንታል ነው እንዴ የመታኋት?» አለች። እናቷ ሳቁ።

86,400ውን ደግሞ ራሷ አሰላችው። 86 ኩንታል። «አይሱዙ ሙሉ ነው!» አለች። ትንሽ መኪና ለማስነሳት የአይሱዙ ጭነት አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ያዝን። መልስ በተገኘ ቁጥር ወደ እንቁላል፣ ወደ ሃይላንድ ወይም ወደ ኩንታል ይመነዘራል። መልሱ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም። 3 እና 4 ኒውተንን አይለይም። 2 እና 2000ን ግን ይለያል፤ የግራም ስህተት ደግሞ ሁልጊዜ 1000 እጥፍ ስለሆነ አያመልጥም።

የመኪናውን ጥያቄም በዚያው ሰሞን ነው የፈታነው። 72 ኪሎ ሜትር 72,000 ሜትር ነው፣ 1 ሰዓት 3600 ሰከንድ ነው፣ ስለዚህ 20 ሜትር በሰከንድ። ከዚያ ቀመር አላስጻፍኳትም። ሰንጠረዥ አስጻፍኳት። 0ኛው ሰከንድ ላይ ፍጥነቱ 0። 10ኛው ላይ 20። መሃሉን ሙይው። 2፣ 4፣ 6፣ 8 እያለች ወረደች። «በየሰከንዱ 2 ይጨምራል» አለች። ይኸው ነው አክስለሬሽን። 1200 ሲባዛ በ2፣ 2400። ሁለት ኩንታል ተኩል ገደማ። ለአንድ መኪና ያስኬዳል።

ሚዛኑ እና ሊፍቱ

የሊፍቱ ጥያቄ በወረቀት አልገባትም። ሁለት ቅዳሜ ሞከርኩ። «ሊፍቱ ወደ ላይ ስለሚሄድ ሰውየው ይከብዳል» የሚለውን ያዘች፤ ግን እስከሚቆም ድረስ የሚከብድ መሰላት። ብዙ አዋቂም የሚመስለው እንደዚያ ነው።

አክስቷ ሊፍት ያለው ሕንፃ ላይ ነው የሚኖሩት። ቤታቸው ያለውን ዲጂታል ሚዛን ይዘን ሞከርን። አልሆነም። ዲጂታሉ አንዴ ቁጥር ካገኘ ይቆልፈዋል፤ ሊፍቱ ቢነሳ ቢቆም ግድ የለውም። መርፌ ያለው አሮጌው ዓይነት ያስፈልጋል።

ያንን የት እናገኛለን? መንገድ ዳር። ሚዛን አስቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚመዝን ልጅ ነበር። ለአንድ ሰዓት በ100 ብር ተስማማን። ግን «ሚዛኔን ትቼ አልሄድም» አለ። ልክ ነው፣ እንጀራው ነው። አብሮን መጣ። የሕንፃው ጥበቃ ሦስታችንን ከሚዛን ጋር ሲያየን «ምንድን ነው ነገሩ?» አለ። ትምህርት ነው አልነው። አላመነም፣ ግን አሳለፈን።

ልጅቷ ሚዛኑ ላይ ቆመች። መርፌው 48 ላይ ነው። ቁልፉን ተጫንኩ። ሊፍቱ ሲነሳ መርፌው ዘለለ።

«ተበላሸ!» አለ ባለሚዛኑ ልጅ።

የመጀመሪያው ዙር ከዚህ በላይ አልጠቀመንም። ልጅቷ ጎንበስ ብላ መርፌውን ልታይ ስትል ራሷ አነቃነቀችው። በሁለተኛው ዙር ስልኬን ልጁ ያዘና መርፌውን በቪዲዮ ቀረጸ። እሷ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ቪዲዮውን አዝግመን አየነው።

ሊፍቱ ሲነሳ መርፌው 52 ገደማ ደረሰ። ከአፍታ በኋላ ወደ 48 ተመለሰ። አምስት ስድስት ፎቅ ሙሉ 48 ላይ ቆየ። ሊቆም ሲል 44 አካባቢ ወረደ። ከዚያ 48።

ልጅቷን ያስገረማት 52ቱ አይደለም። መሃል ላይ ያለው 48 ነው። «እየወጣን እኮ ነው ቲቸር፣ ለምን አልጨመረም?» አለች። መልስ አልሰጠኋትም። ቪዲዮውን መልሳ ከፈተችው። ሦስት ጊዜ አየችው። ከዚያ «ፍጥነቱ ስላልተለወጠ ነው» አለች፣ ለራሷ እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብላ።

ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ሕጉን ዛሬ በምናውቀው የቀመር መልክ አልጻፈውም። የጻፈው በቃላት ነው፤ የእንቅስቃሴ ለውጥ ካረፈው ኃይል ጋር ይመጣጠናል የሚል ነው። ለውጥ የሚለው ቃል ፊት ለፊት ተቀምጧል። እኛ በሦስት ፊደል ስናስተምረው መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ቃል ነው።

ሂሳቡን ደረጃው ላይ ሠራነው። የጨመረው 4 ኪሎ በ9.8 ሲባዛ 39 ኒውተን ገደማ ነው። ይሄ ነው ወለሉ ከክብደቷ በላይ የገፋት። 39 ሲካፈል ለ48፣ ሊፍቱ በ0.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ ተነስቷል። መርፌውን ያነበብነው በዓይን ግምት ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ትክክለኛ ልኬት አትውሰዱት። ቀመሩን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ካየችው ነገር ተነስታ ወደ ኋላ ሠራችበት።

ከዚያ ወደ አምስተኛው ጥያቄ ተመለስን። 100 ኒውተን ስትል ሙሉ በሙሉ ተሳስታ አልነበረም። 50 ሲባዛ በ2 ጠቅላላው ኃይል ነው። ወለሉ ግን መጀመሪያ 500 የሆነውን ክብደት መሸከም አለበት፣ ከዚያ 100 መጨመር። የጻፈችው የሌላ ጥያቄ መልስ ነበር። ይህን ስነግራት ፊቷ በራ።

ባለሚዛኑ ልጅ ሲሄድ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ሊፍት ውስጥ ሰው ብመዝን ያጭበረበርኩ ይመስላቸዋል ማለት ነው?» አዎ አልኩት። የእናትየው ሱቅ ያለው የድንጋይ ሚዛን ቢሆን ግን አይሳሳትም። እሱ ስኳሩን ከብረቱ ጋር ያወዳድራል፤ ሊፍቱ ሁለቱንም እኩል ያከብዳቸዋል። የመርፌው ሚዛን የሚለካው ግፊቱን ነው፣ ላዩ ላይ ኪሎ ተብሎ ቢጻፍም።

ከቀመሩ በፊት

የቀረው ሰበቃው ነበር። ለዚህ ሊፍት አላስፈለገም። ባትሪው የሞተ ሚኒባስ ሲገፋ ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ሥዕል አሳልኳት። አራት ሰው ከኋላ፣ እያንዳንዱ 300 ኒውተን ይግፋ አልን። ጎማውና መንገዱ 300 ኒውተን ይያዝ። ሚኒባሱ 2000 ኪሎ ግራም ይሁን። ቁጥሮቹ የእኛ ግምት ናቸው።

«ማን ይገፋል? ማን ይይዛል?» ይህቺ ጥያቄ ሥራውን ሠራች። በእንግሊዝኛ ኔት ፎርስ፣ ማለትም ጠቅላላው ኃይል፣ ሲባል የማይታያት ነገር እዚህ ላይ ታያት። 1200 ይገፋል፣ 300 ይይዛል፣ 900 ይተርፋል። 900 ለ2000፣ 0.45 ሜትር በሰከንድ ካሬ። «ቀመሩ ውስጥ የሚገባው የተረፈው ብቻ ነው» አለች። እኔ ካወጣሁት ማብራሪያ ሁሉ የእሷ ይሻላል፤ አሁን ክፍል ውስጥም እጠቀምበታለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ደንብ አወጣን። ሥዕል ሳይሣል፣ የሚገፋውና የሚይዘው ሳይጻፍ፣ ዩኒቱ ሳይስተካከል ቀመር አይጻፍም። መጀመሪያ ላይ ተጨቃጨቅን። ፈተና ላይ ጊዜ ይፈጃል አለች። ልክ ናት፣ ይፈጃል። በአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ጨመረባት።

ውጤቱ

በሚቀጥለው የትምህርት ቤቱ ፈተና ከ20 15 አመጣች። አንዱን ጥያቄ ጊዜ አልቆባት አልጨረሰችውም፣ የሥዕሉ ዋጋ ነው። ሌላው ላይ ሊፍቱ ወደ ታች ሲፋጠን መቀነስ ሲገባት ደመረች። ሊፍቱ ሲወርድ ቀርጸን አላየነውም ነበር። ጥበቃው በቃ ብሎን ነው።

ከወር በኋላ ደግሞ ሳልነግራት 10 የተደባለቀ ጥያቄ ሰጠኋት። 8 አገኘች። አንዱ ላይ ግራሙን እንደገና ረስታ 1500 ኒውተን ጻፈች፣ ከዚያ ራሷ ሰርዛ አስተካከለችው። ጠርዙ ላይ በትንሹ «ኩንታል ተኩል??» ብላ ጽፋለች። ከ8ቱ ሁሉ በላይ ይህቺ ናት ያስደሰተችኝ።

ሌላ ቦታ የሚሠራው

አንድ ተማሪ ነው። ከአንድ ተማሪ ብዙ መናገር አይቻልም። ግን ከዚያ ወዲህ ክፍሌ ውስጥ ሦስት ነገር ቀይሬያለሁ።

የተሳሳተ ወረቀት ሳይ ስንት አገኘ ማለቱን ትቼ የተሳሳቱትን መልሶች ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። 86,400 ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እኔ ያንን አምስት ደቂቃ ስላልሰጠሁ 2 ሳምንት ከፈልኩ። የቤት ሥራም በዓይነት ለይቼ አልሰጥም። ከመጀመሪያው ቀን አደባልቀዋለሁ። ልጆቹ ያማርራሉ፣ ውጤቱም መጀመሪያ ላይ ዝቅ ይላል፣ ወላጅ ይደውላል። ይሁን።

ኒውተንን ደግሞ ከእንቁላል እጀምራለሁ። ገና ቀመሩ ሳይጻፍ። ክፍሉ ውስጥ 60 ተማሪ ካለ ሁለት እንቁላል አይበቃም፣ ስለዚህ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አዞራለሁ፤ ውሃውን የሚጠጣ አይጠፋም፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርስ 5 ኒውተኑ 3 ሆኖ ይገኛል።

ሊፍቱን ግን ለ60 ተማሪ ማድረግ አልቻልኩም። ያቺን ቪዲዮ በልጅቷ ፈቃድ አሳያለሁ። እግሯና መርፌው ብቻ ነው የሚታየው። እንደ ሚዛኑ ላይ መቆም አይሆንም። መሃል ላይ 48 ሲሆን ዝም እላለሁ፤ ከ60ው ሁለት ሦስቱ ለምን አልጨመረም ይላሉ። ሌሎቹ አይጠይቁም። የማይጠይቁትን ምን እንደማደርጋቸው ገና አልደረስኩበትም።

ገና ያልተፈታው

ዳገት። ሳጥን ተዳፋት ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ታች ያንሸራትታል፣ አንዱ ጣውላውን ይጫናል። ልጅቷ የትኛው የትኛው እንደሆነ አሁንም ታምታታዋለች። ፈተናው ላይ የቀረውን ነጥብ ያጣችውም እዚህ ነው። ባለሚዛኑን ልጅ ፈልገን ሚዛኑን 30 ዲግሪ በተጋደመ ጣውላ ላይ አስረን ልንሞክር ነበር። በስሌቱ ከሆነ 48ቱ ወደ 42 ገደማ መውረድ አለበት። አንዴ ሞከርነው፣ ልጅቷ ተንሸራተተች፣ መርፌውም 30 እና 45 መሃል ሲዋዥቅ ነበር። አሮጌ ሚዛን ተጋድሞ በትክክል አይለካም። ልጁም «ይሄማ ይሰብርብኛል» ብሎ ሚዛኑን አንስቶ ሄደ። አሁን የሱቁን የተንጠልጣይ ሚዛን በገመድ ከሳጥን ጋር አስረን ልንሞክር ነው፤ እናቷ ፈቅደዋል፣ ከገበያ ቀን ውጪ ከሆነ።